ሙት መውቀስና ሙት ማስታወስ

የሞተን ሰው ስም በክፉ ማንሣት በአገራችን ነውር ነው። ስለ ሟች አንዲት የምትጎረብጥ ነገር ሊናገር የተነሣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ሳይል አይጀምርም። ይህ ልማድ ከመልካም ምንጭ የፈለቀ ነው፤ ሟች ተነሥቶ ስለ ራሱ መልስ ሊሰጥ አይችልምና፣ መልስ በሌለው ሰው ላይ ክስ ማቅረብ ፍርድ ማጉደል ይሆናል። ይሁን እንጂ ከዚሁ ልማድ ሥር አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። ሙትን አለመውቀስ ማለት ሟች ያልነበረውን ነበረ ብሎ መናገር ነውን? የምንወዳት እናት ቃልዋ የማይታጠፍ፣ አንዳንድ ጊዜም የምታስመርር ሴት እንደ ነበረች እያወቅን፣ ከሞተች በኋላ «የዋህ፣ ማንንም የማታስቀይም» ብለን ብንጽፍላት፣ ፍቅራችንን ገለጽንላት ወይስ እርስዋን በሌላ ሴት ለወጥናት?

ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ሁሩታ ላይ በአያቴ የቀብር ዕለት ነው ያገኘኝ። ሁሩታ በአርሲ፣ በሎዴ ሄጦሳ ወረዳ የምትገኝ፣ ዙሪያዋን የስንዴና የገብስ እርሻ የከበባት ከተማ ናት። አያቴ በዚያች ምድር ኖረው፣ ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር ዐረፉ። እርሳቸው ገበያ ሲደርሱ እህል ሻጮች ቁናቸውን አስተካክለው ይሰፍሩ ነበር፤ የተጣሉ ጎረቤታሞችም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። በቤታቸው ውስጥ አንድ ጊዜ የተናገሩትን ነገር ሁለተኛ ሲደግሙት የሰማ ሰው የለም፤ መድገም አያስፈልጋቸውም ነበርና።

በቤተ ሰቡ ውስጥ ብዕር ይዤ የምውል እኔ ስለ ሆንኩ፣ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ታዘዝኩ። እኔም እንደ ልማዱ፣ «ባለቤታቸውን በሞት ካጡ በኋላ ብቻቸውን ታግለው ልጆቻቸውን ሁሉ አስተምረው ለወግ ለማዕርግ ያበቁ እናት» ብዬ ጻፍኩ። ሲነበብ ሕዝቡ ራሱን እየነቀነቀ አደመጠ። ማታ በሐዘን ድንኳኑ ውስጥ ግን የአያቴ የበኩር ልጅ የሆነችው አክስቴ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና በዝግታ፣ «ልጆቻቸውን ሁሉ አስተምረው ብለሃል፤ እኔስ ታዲያ የማን ልጅ ነኝ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ወንድ አያቴ በ1965 ዓ.ም. ሲሞቱ ቤተ ሰቡ በሰው መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። በዚያ ዘመን ጭሰኛ ከምርቱ ለባለመሬቱ እያካፈለ የሚኖር፣ ባለመሬቱ በቃህ ባለው ጊዜም ከመሬቱ የሚነሣ ሰው ነበር። አባወራው ሞቶ የሠራተኛ እጅ የጎደለበት ቤት መሬቱን ለማጣት የቀረበ ነው። አያቴ ይህን ፈርተው፣ ስድስተኛ ክፍል የደረሰችውን አክስቴን ከትምህርት አስቀርተው ወደ እርሻ አወጡአት። እርስዋ ስታርም፣ ስታጭድ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞችዋ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ከሁለቱ አንዱ አባቴ ነው። እንግዲህ እኔ ዛሬ የምጽፍበት ፊደል ከአክስቴ እጅ የተወሰደ ፊደል ነው ማለት ይቻላል።

በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። በዚህ አዋጅ የጭሰኝነት ሥርዓት ተሽሮ ገበሬው በሚያርሰው መሬት የመጠቀም መብት አገኘ። ያ የመነቀል ፍርሃት አለፈ። አክስቴም ወደ ትምህርቷ እንድትመለስ ለመነች። አያቴ ግን «ያልኩትን ብያለሁ» አሉ፤ ነገሩም በዚሁ ተዘጋ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ የፊተኛው ክፍል ምክንያት አለው፤ ችግር ያስገደደው ውሳኔ ነው። የኋለኛው ክፍል ግን የተናገሩትን ላለማጠፍ ከመፈለግ በቀር ሌላ ምክንያት የለውም። ነገር ግን ያ ለአክስቴ ያልታጠፈው ቃል፣ ለባለመሬቱና ለረኃቡም ሳይታጠፍ ቤቱን ከመበተን ያዳነው ያው ቃል ነው። ጽናትና ግትርነት ብለን በሁለት ስም የምንጠራው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ አካል ነው። ሲጠቅመን ጽናት እንለዋለን፤ ሲጎዳን ግትርነት እንለዋለን። እንግዲህ ግትርነቱን ከታሪካቸው ብፍቀው ጽናቱም አብሮ ይፋቃል፤ የሚቀረውም ማንም ያልነበረ ሰው ነው።

ይህ በአንድ ድኻ ቤት ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም፤ በታላላቆቹም ታሪክ ይታያል። እቴጌ ጣይቱ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ፣ ኢጣሊያ የኢትዮጵያ ሞግዚት ለመሆን በተረጐመችው ጊዜ፣ በፍጹም አልቀበልም ብለው ተከራክረዋል። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ ምሽግ የተከበበው የኢጣሊያ ጦር ውኃ እንዲቋረጥበት በማድረጋቸው ይመሰገናሉ። ምኒልክ በጽኑ ከታመሙ በኋላ ግን ያው እምቢታቸው መኳንንቱን አስቆጣ፤ በ1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ አገለሉአቸው፤ በ1910 ዓ.ም. እስኪያርፉም ሥልጣን አልተመለሰላቸውም። ኢጣሊያን እምቢ ያለችው ጣይቱ አንዲት፣ መኳንንቱን እምቢ ያለችው ጣይቱ ሌላ አይደለችም። አንደኛዋን ወድዶ ሁለተኛዋን መደበቅ የሚሻ ሰው፣ የሚወደው የራሱን ምኞት እንጂ ሴቲቱን አይደለም።

«ሟች መልስ ሊሰጥ አይችልም» የሚለው የአባቶች ነገር ግን ገና አልተመለሰም። እውነት ነው፤ ስለዚህም ስለ ሙት እውነቱን የሚናገር ሰው ከሌላው ተናጋሪ ይልቅ ከባድ ግዴታ አለበት። የሟችን ምክንያት ሟች ራሱ በሚናገረው ልክ አሟልቶ መናገር አለበት፤ ምክንያቱ በሚያልቅበት ስፍራም እርሱ ከራሱ ሳይጨምር ማቆም ይገባዋል። ከሁሉ በላይ ከፈራጅ ወንበር ሳይሆን ከባለዕዳ ስፍራ ሆኖ መናገር አለበት። ወቃሽ ከሟች በላይ ሊሆን ይናገራል፤ ምስክር ግን ከሟች ያገኘውን እየቈጠረ ይናገራል። ልዩነታቸው በቃሉ ምሬት ሳይሆን በቆሙበት ስፍራ ነው።

ደግሞም ዝምታ ለሟች ክብር ሲባል በሕያው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አለ። ሁሉም «አስተማሩ» ባለበት ቦታ፣ ያልተማረችው ልጅ ሐሰተኛ ትሆናለች፤ የተከፈለው ዋጋም እንዳልተከፈለ ይቆጠራል። ይቅርታም ቢሆን ስም ይፈልጋል፤ ያልተጠራ በደል ይረሣ ይሆናል እንጂ ይቅር ሊባል አይችልም።

የአርሲ ምድር እናቶች ይህን ከእኔ አስቀድመው ያውቁታል። በአርሲ ኦሮሞ ወግ፣ ልጅዋን የምትድር እናት ሲንቄ የተባለች ቀጭን ቀጥ ያለች በትር ትሰጣታለች። በትሪቱ ለመምቻ አይደለችም። የአንዲት ሴት መብት ሲጣስ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ፤ በተጣሉ ወንዶች መካከል ሲንቄ የያዙ ሴቶች ሲቆሙም ጠቡ ይቆማል። ይህ ወግ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበው ከገዳ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። ሲንቄ ሰላም የምታመጣው በደሉን በመሸፈን አይደለም፤ በአደባባይ ጠርታ በዳዩን ለዕርቅ በማብቃት ነው እንጂ።

በአርባው ቀን ተዝካር ዘመድ በተሰበሰበበት የሕይወት ታሪኩን እንደገና ጽፌ አነበብኩ። «ቤታቸው እንዳይፈርስ የበኩር ልጃቸውን ከትምህርት አስቀሩ፤ በእርስዋም ድካም ሌሎቹን አስተማሩ፤ ዘመን ሲለወጥ ግን ቃላቸውን አላጠፉም፤ እኛም የዚህ ሁሉ ባለዕዳዎች ነን» አልኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ አጉረመረሙ፤ ሙት ወቃሽ ያሉኝም ነበሩ። አክስቴ ነጠላዋን ወደ ዓይንዋ አስጠግታ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «አዎ፣ እናቴ እንዲህ ነበሩ» አለች። ከዚያም ተነሥታ እንግዶቹን ማስተናገድ ቀጠለች።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከአንተም ቤት ቃልዋ የማይታጠፍ እናት ያለፈች እንደ ሆነች፣ በማር ቃል ሸፍነህ ሁለተኛ አትቅበራት። ያዳነችውንም ያጐደለችውንም በባለዕዳ አንደበት ተናገር። እርስዋ በሕይወትዋ ሳለች ከማንም ፊት አልተሸሸገችም፤ ከሞተች በኋላ እኛ ልንሸሽጋት አይገባንም።