የወንፊቱ ቁጥር

መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ያደገ ሰው ማስነጠስን እንደ ሰላምታ ይቆጥረዋል። እኔም እንጨት መላግ የጀመርኩት እዚያው፣ የዛላ በርበሬ ጆንያ ከተደረደረበት ጎን ባለች ጠባብ ቤት ነው። የሙያ አባቴ የብርጭቆ ወረቀት ቁጥርን ያስረዱኝ ግን በእንጨት አልነበረም። አንድ ቀን 120 ግዛ ተብዬ 80 ይዤ ስመጣ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ክንዴን ይዘው በርበሬ ወደሚነፉ እናቶች ወሰዱኝና «ወንፊቱን እይ» አሉኝ።

ልጆቼ፣ እናንተም እዩት። ቀዳዳው ሰፊ የሆነው ወንፊት ሻካራውን ሁሉ ያሳልፋል፤ ጠባቡ ልሙን ብቻ። በወረቀቱ ጀርባ የታተመው ቁጥርም የወንፊት ቁጥር ነው። በአንድ ኢንች ርዝመት ላይ ስንት ቀዳዳ እንዳለ ይነግራችኋል። ቀዳዳው ሲበዛ ይጠባል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲያድግ ቅንጣቱ ያንሳል። የ80 ቁጥር ቅንጣት 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የ120 ደግሞ 0.125። ከ220 በላይ ያለው በጣም ስለሚደቅ በወንፊት መለየቱ ይቀርና በፈሳሽ ውስጥ ሲዘቅጥ ይለያል፤ ከባዱ ቀድሞ፣ ቀላሉ ዘግይቶ፣ እንደ ቡና አተላ።

ከቁጥሩ ፊት «ፒ» የምትል ፊደል ካለች መለኪያው የአውሮፓ ነው። ፊደሏ ከሌለች የአሜሪካ ሊሆን ይችላል። እስከ 220 ድረስ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ይለያያሉ። የአሜሪካው 400 ከአውሮፓው ፒ800 ጋር ይቀራረባል። መርካቶ ሁለቱም ባንድ መደርደሪያ ይገኛሉና ባለሱቁ «ያው ነው» ቢላችሁ ጀርባውን አገላብጡ።

«የብርጭቆ ወረቀት» የሚለው ስም ያታልላችሁ ይሆናል። ድሮ እውነትም የተፈጨ ብርጭቆ በኮላ ይለጠፍበት ነበር፤ ጣሊያኖችም «ካርታ ቬትራታ» ይሉታል፣ የብርጭቆ ወረቀት ማለት ነው። (መላጊያው ፒያላም፣ ኮላውም፣ ስቱኮውም የጣሊያን ቃል ነው። መርካቶ ራሱ አሁን ባለበት ቦታ የተተከለው በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አይደል!) ዛሬ ለእንጨት የምንጠቀምበት አብዛኛው ወረቀት አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። ጥቁሩ የውሃ ወረቀት ደግሞ ሲሊከን ካርባይድ ነው፤ እሱን ለቫርኒሽ ቅቦች መሀል አስቀምጡት።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ወረቀት እንጨትን የሚያለሰልስ ይመስላል እንጂ ሥራው መቧጨር ነው። 80 ቁጥር የፒያላውን ጠባሳ አጥፍቶ የራሱን ጭረት ይተዋል። 120 የ80ን ጭረት ያጠፋል፤ 180 የ120ን። እጃችሁ የሚለየው ጠፍቶ ዓይን የማይይዘው ጭረት ሲቀር «ለሰለሰ» ትላላችሁ። ከ60 ተነሥቶ 220 ላይ የሚዘል አናጢ ታዲያ ምን ያደርጋል? ልሙ ወረቀት የጭረቱን ጫፍ ያብሳል፣ ገደሉን አይደርስበትም። ጣውላው በእጅ ሲዳሰስ ሐር ነው። ቫርኒሽ ሲነካው ግን ገደሉ ቀለም ይጠጣና ጭረቱ ሁሉ ይወጣል፤ ያኔ ደግሞ ደንበኛው አጠገባችሁ ቆሟል።

ስለዚህ በየደረጃው ከመጀመራችሁ በፊት ጣውላው ላይ በእርሳስ ቀለል አድርጋችሁ አስምሩ፤ መስመሩ ሁሉ ሲጠፋ ወደሚቀጥለው ቁጥር እለፉ። አምፖሉን ከራስ በላይ አትስቀሉት፤ ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩት። በቫርኒሽ ለሚሸፈን ዋንዛ 180 ወይም 220 ይበቃል። ባዶ እንጨት ላይ 400 የሚያሹ ልጆች አይቻለሁ፤ ድካም ነው፣ ቀለሙንም እንዳይጠጣ ያደርጉታል።

ድራም ሳንደር የመጣው በእጅ የማሸትን ድካም ሊያቀል ነው። ወረቀት የተጠመጠመበት ሲሊንደር ከላይ ይሽከረከራል፤ ከታች ቀበቶው ጣውላውን ይዞ ያሳልፋል። ሰፊ የጠረጴዛ ፊት ባንድ ልክ ለማውጣት ጥሩ ነው። ነገር ግን ፒያላ አይደለም። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ማሽን ቤት ሲገባ ቶሎ ልጨርስ ይልና ሲሊንደሩን አንድ ሚሊ ይጭነዋል። ወረቀቱ ይግላል፣ እንጨቱ ይጠቁራል፣ ሞተሩ ያቃስታል። በ80 ቁጥር ባንድ ማለፊያ ከግማሽ ሚሊ አትለፉ፤ በ120 ከሩብ ሚሊ በታች ሁኑ፤ ከዚያ በላይ ባለው ቁጥር ነካ አድርጎ ማሳለፍ ብቻ ነው። የቀረውን የሚያወርድላችሁ ደጋግሞ ማሳለፍ ነው። ጣውላው መሀል ላይ አይቁም፤ ለአፍታ ከቆመ ሲሊንደሩ ቦይ ይቆፍርለታል። መብራት ከጠፋባችሁም መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፉ፣ ቀጥሎ ሲሊንደሩን አንሡ፣ ከዚያ ጣውላውን አውጡ።

ኮምፔንሳቶ ይዛችሁ ወደዚህ ማሽን አትቅረቡ። የላይኛው ልባስ ብዙ ጊዜ አንድ ሚሊ እንኳ አይሞላም፤ ባንድ ማለፊያ ታች ያለውን ኮላ ታዩታላችሁ።

የኔን ጥፋት ልንገራችሁ። ከፈረሰ ቤት የወጣ የጥድ በር ገዝቼ ነበር፤ ሽታው ብቻ ልብ ይሰርቃል። ምስማሩን ነቅዬ ጨርሻለሁ ብዬ አስገባሁት። ራሱ የተቆረጠ አንድ ምስማር እንጨቱ ውስጥ ቀርቶ ኖሯል። አዲሱ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ተተለተለ፤ ብልጭታም አየሁ። ብልጭታና የጥድ ብናኝ ባንድ ቤት! እሳት ያልተነሣው እኔ ስለተጠነቀቅሁ አይደለም። ከዚያ ወዲህ አሮጌ እንጨትን በማግኔት ሳልዳስስ አላስገባም።

ጥድ ሌላም ጠባይ አለው፤ ሙጫው በግለት ይቀልጥና የወረቀቱን ጥርስ ይደፍናል። የተደፈነ ወረቀት አያሽም፣ ያቃጥላል። እየተሽከረከረ ባለው ሲሊንደር ላይ የጥሬ ጎማ ቁራጭ ጠጋ ስታደርጉ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል፤ የአሮጌ ጫማ የጥሬ ጎማ ሶል መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትፈልጉ አታጡም። ፕላስቲክ ሶል ግን ቀልጦ ይለጠፍባችኋል።

ለሲሊንደሩ የሚሆነው በጥቅል የሚሸጠው፣ ጀርባው ጨርቅ ወይም ወፍራም ወረቀት የሆነው ነው። ስትጠመጥሙ ዳሩ በዳሩ ላይ አይውጣ፤ የተደረበበት ቦታ በጣውላው ርዝመት ሙሉ መስመር ያሰምራል። ስትገዙ ጥጉን አጠፍ አድርጋችሁ ቅንጣቱ ይረግፍ እንደሆነ እዩ። በክረምት ሲሚንቶ ወለል ላይ አታኑሩት፤ እርጥበት ይጠቀልለዋል።

የቀረኝ ነገር ብናኙ ነው። በርበሬ ደግ ጠላት ነው፤ ሲገባ አስነጥሶ፣ ዓይን አስለቅሶ ነው። የእንጨት ብናኝ ዝም ብሎ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር ያስከትላል ብሎ መድቦታል፤ የሚያጠቃውም የአፍንጫን ውስጥና ዙሪያውን ያሉትን የአጥንት ክፍተቶች ነው። አፍንጫ ላይ የተጠመጠመ ፎጣ ልሙን አያግደውም፤ ለብናኝ የተሠራ ጭንብል ያስፈልጋል። ማሽኑም ብናኙን የሚመጥ ቱቦ ይኑረው።

ማሽን ቤት ስትገቡ ከዋጋው በፊት ብናኙ በየት እንደሚወጣ ጠይቁ። «በመስኮት» ካሏችሁ ጣውላችሁን ተሸክማችሁ ውጡ።