ዕጣው የወደቀበት ጭቃ

በአንድ ሐይቅ ዳር የሚኖር ባላባት ነበር። ሐይቁን ከአባቶቹ ወርሶታል፤ ዓሣው፣ ደንገሉ፣ በዳሩ ያለው ግጦሽ ሁሉ የእሱ ነው። አንድ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ በምሥራቅ በኩል የሚኖሩ ሰዎች መጥተው፣ «ጌታችን፣ ውሃው ታሟል። ከብቶቻችን አሽትተውት ይመለሳሉ፤ ሌሊት ሌሊት ክፉ ሽታ ይመጣብናል» ብለው አመለከቱ።

ባላባቱ ደግ ሰው ስለነበር አቤቱታውን ችላ አላለም። አጋፋሪውን ጠርቶ «ሂድና መርምርልኝ» አለው። አጋፋሪው በታንኳ ወጣ፤ ዓሣ አጥማጆቹን አነጋገረ፤ መረባቸውንም አየ። ቀኑ ብራ ነበር፤ ውሃውም ጸጥ ብሎ ያብረቀርቃል። ተመልሶ፣ «መረቡ ሁሉ ሙሉ ነው። ሐይቅዎ እንደ ዘንድሮ ጤና ኖሮት አያውቅም» አለ። ባላባቱም ደስ ብሎት ካባ ሸለመው።

የምሥራቅ ሰዎች ግን ደግመው መጡ።

በዚያ አገር ጭቃ በጣቷ ዳብሳ ከየትኛው ሸለቆ እንደተቆፈረ የምትናገር ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሰው እንስራዋንና ጀበናዋን ይገዛታል እንጂ ከገበታው አያስቀምጣትም። ስሟን ያነሱት የባላባቱ እናት ናቸው። «ልጄ፣ ውሃ ከላይ ሲያዩት መቼም ያምራል። ጭቃ የሚያውቅ ሰው ላክ» አሉት።

ሸክላ ሠሪዋ ስትቀርብ፣ በገመድ ወርዶ ሲጎተት ገጥሞ የሚዘጋ የብረት አካፋ ከአንጥረኛ እንዲሠራላት ለመነች፤ ወንፊቱ ከቤቷ አለ። ከዚያ ሐይቁን በሐሳቧ ከፋፍላ ለየክፍሉ አንድ አንድ ጠጠር ምልክት አደረገችና ቅል ውስጥ ከተተቻቸው፤ ዓይኑ የተሸፈነ ሕፃን ጠርታም ዕጣ አስወጣች።

አጋፋሪው ተቆጣ። «ይህ ምን የሚሉት ሥራ ነው? ደሴቱ አጠገብ ያለውን ደህና ቦታ እኔ አሳይሻለሁ። ክፉ የሚሉትን ደግሞ የምሥራቅ ሰዎች ያሳዩሽ።»

«ጌታዬ፣ እርስዎ ከመረጡልኝ የእርስዎን ሐሳብ ይዤ እመለሳለሁ፤ እነሱ ከመረጡልኝም የእነሱን። እኔ የተላክሁት የሐይቁን ይዤ እንድመለስ ነው» አለችው።

ዕጣው አንዳንዴ ማንም የማይሄድበት ቦታ ይጥላታል፤ ሄደች። አንዳንዴ ማዕበል የሚነሣበት ላይ ይወድቃል፤ ነፋሱ እስኪበርድ ጠብቃ ሄደች። በየቦታው አካፋውን ትጥላለች፣ ጭቃውን ትጎትታለች፣ በወንፊት ላይ ውሃ እያፈሰሰች ታጥበዋለች፤ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ሕያው ሁሉ አንድ በአንድ ትቆጥራለች። በምዕራብ በኩል ጭቃው ቡናማ ነው፤ በውስጡም ትልልቅና ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች፣ ጭቃ ቆፍረው የሚኖሩ ወፋፍራም ትሎች፣ በዛጎላቸው ተከድነው የተቀመጡ ፍጥረታት አገኘች። ወደ ምሥራቁ ጥልቅ ስትሄድ ጭቃው ጠቆረ፤ የተበላሸ ዕንቁላል ይሸታል። እዚያ ያገኘችው ክፉ ውሃ የሚችሉትን ቀጫጭን ቀይ ትሎች ብቻ ነው። ትልልቅ ዛጎሎች ነበሩ፤ ሁሉም ግን ባዶ ናቸው። በዚያ ቦታ ቀድሞ ሕይወት እንደነበረ፣ ያረጀውም እንደሞተ፣ የሚተካውም እንዳልተወለደ ከዛጎሉ አወቀች።

ባላባቱ ሰምቷት ግራ ተጋባ። «አጋፋሪዬ መረብ ሙሉ ዓሣ አይቷል።»

«እውነቱን ነው ጌታዬ፤ እኔም አይቻለሁ። ዓሣ ግን መሄጃ አለው። ታችኛው ውሃ ሲያፍነው ወደ ላይና ወደ ዳር ሸሽቶ ይከማቻል። መረቡ የሞላው ለዚህ ነው። ቀንድ አውጣና ትል ግን ወዴት ይሸሻሉ? የመጣውን ሁሉ ባሉበት ይቀበሉታል። እኔ የጠየቅሁት እነሱን ነው።»

«ከዚያ ጥቁር ጭቃ በላይ፣ ከዳሩ፣ ምን አለ?»

ሸክላ ሠሪዋ ዝም አለች፤ መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። የባላባቱ የራሱ በረት ነበር። ዝናብ በመጣ ቁጥር እበቱ እየታጠበ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ውሃው አረንጓዴ ይለብሳል፤ አረንጓዴውም ሞቶ ከታች ይበሰብሳል።

ባላባቱ በረቱን አስነሣ። በዓመቱ ሸክላ ሠሪዋ ዕጣዋን አውጥታ ብትመለስ ጭቃው እንደ ጠቆረ ነው። አጋፋሪው፣ «አላልኩዎትም? ያለ ጥፋትዎ በረትዎን አስፈረሰችዎ» አለ። እሷ ግን፣ «ጌታዬ፣ በረቱ የተነሣው አምና ነው፤ እበቱ መጠራቀም የጀመረው ግን በአያትዎ ዘመን ነው» አለች። ባላባቱ ትንሽ አሰበና «ቅሉን በየዓመቱ አምጪው» አላት።

ዛጎሏ ገና ያልጠና ሕፃን ቀንድ አውጣ ከምሥራቁ ጭቃ ስትወጣ ባላባቱ አልነበረም፤ ያያት ልጁ ነው።

የምሳሌው ሐይቅ ከእኛ ሩቅ አይደለም። እዚህ ሜሪላንድ፣ በላንግሊ ፓርክ አጠገብ የሚወርደው ኖርዝዌስት ብራንች ብላደንስበርግ አካባቢ ከኖርዝኢስት ብራንች ጋር ተገናኝቶ አናኮስቲያ ወንዝ ይሆናል፤ አናኮስቲያ ዋሽንግተን ላይ ፖቶማክን፣ ፖቶማክም ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤን ይቀላቀላል። ከዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድና ከኒው ሃምፕሸር አቬኑ መጋጠሚያ ዝናብ የሚጠርገው ዘይትና ቆሻሻ መንገዱ ይኸው ነው።

ሸክላ ሠሪዋም አለች። ሜሪላንድ የባሕረ ሰላጤውን ወለል ሕይወት በተከታታይ መመርመር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ዛሬ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በበጋው መጨረሻ ጀልባ ያወጣሉ፤ ዕጣ በጣለላቸው 250 ቦታዎችና በየዓመቱ በሚመለሱባቸው ቋሚ ቦታዎች ጭቃ ያወጣሉ፤ በግማሽ ሚሊሜትር ወንፊት አጥበው ትሉንና ዛጎል ለባሹን ይቆጥራሉ፤ ለየቦታውም ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣሉ። ከ3 በታች ያገኘ ጭቃ ታማሚ ነው። ከእነሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1906 እስከ 1912፣ ቻርልስ ዬትስ የሜሪላንድን የኦይስተር (የሚበላ ዛጎል ለባሽ) መደቦች በካርታ አስፍሮ ነበር። ትልቅ ሥራ ነው፤ ያኔ የተፈለገው ግን ኦይስተሩ የት እንዳለ ማወቅ እንጂ ጭቃው ውስጥ ያለው ትል እንዴት እንደሰነበተ አልነበረም። ትሉን መጠየቅ የመጣው ውሃው ከታመመ በኋላ መሆኑ ያሳዝነኛል።

በረቱም አለ። ከእርሻ፣ ከዶሮ እርባታ፣ ከፍሳሽና ከየጓሮው ሣር የሚወርደው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በየበጋው ጥልቁን ውሃ ኦክስጅን ያሳጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተወሰነው ባሕረ ሰላጤውን የማጽዳት ዕቅድ የ2025 ቀነ ገደቡን ሳያሟላ ቀርቷል፤ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር የሚጓዘው ናይትሮጅን ደግሞ አንዳንዱ ባሕረ ሰላጤው የሚደርሰው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። በአናኮስቲያ ጭቃ ላይ የሚኖረው የአምባዛ ዘመድም በጉበቱና በቆዳው ዕጢ ተገኝቶበት፣ ሳይንቲስቶች ከጭቃው ብክለት ጋር አያይዘውታል። በኋለኞቹ ምርመራዎች የጉበት ዕጢው ቀንሶ ታይቷል። ይህን ማወቅ የተቻለው እየተመላለሱ ስለመረመሩ ነው።

እኔን ግን ከውሃው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሰው ነው። ላንግሊ ፓርክ ውስጥ የቤት ኪራይ ሲጨምር፣ የፐርፕል ላይን ባቡር ግንባታ መንገዱን ሲያጣብብ፣ መሄጃ ያለው ወገናችን ሌላ ቦታ ቤት ይገዛል፤ መሄጃ የሌለው ከላቲኖ ጎረቤቶቹ ጋር እዚያው ይቀራል። ማኅበሮቻችን የወገንን ኑሮ ሲጠይቁ የሚሰሙት ግን ብዙ ጊዜ አዳራሽ የመጣውን፣ መኪናና ትርፍ ሰዓት ያለውን ነው። እሱም አይዋሽም፤ አጋፋሪውም አልዋሸም።

ስለዚህ ዘንድሮ መጠይቅ ለምታዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች ልመናዬ ይህ ነው፦ የምታውቁትን ሰው አትምረጡ፤ ሕንፃውንና የቤቱን ቁጥር በዕጣ አውጡ። ሰው ከሁለተኛ ሥራው በሚመለስበት ሰዓት በሩን አንኳኩ፤ የሚነግራችሁንም እንደነገራችሁ ጻፉት። በሚቀጥለው ዓመትም ተመለሱ።