የዱቤ ደብተርና የኒዕማ ደብተር



የካ አባዶ ውስጥ ከኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ሥር ካሉት ትንንሽ ሱቆች ወደ አንዱ ብትገቡ፣ ከሚዛኑ አጠገብ ጠርዙ ያረጀ አንድ ደብተር ሳታዩ አትቀሩም። የዱቤ ደብተር ነው። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፤ ማን ወሰደ፣ ስንት ቀረበት፣ ሁሉም ተጽፏል። ባለሱቁ ይህን የሚያደርገው ሰው ስለማያምን አይደለም፤ ሰው ረሺ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

እኛስ? ሌሎች ያለባቸውን እንዲህ ተጠንቅቀን ስንመዘግብ፣ በእኛ ላይ ያለውን የት ጻፍነው? ያስቀየመንን ጎረቤት ቀኑን ከነምክንያቱ እናስታውሰዋለን። በታመምን ጊዜ ሾርባ ይዛ አምስተኛ ፎቅ የወጣችውን ግን በወሩ እንረሳታለን። ልባችን አንድ ደብተር ብቻ ይዟል፤ እርሱም የዱቤ ደብተር ነው። እንዲህ ያለ ልብ እንዴት ሰላም ያገኛል?

በዘመናችን በልዩ ልዩ አገሮች ሰዎች የተደረገላቸውን መልካም ነገር በማስታወሻ መጻፍ ለምደዋል። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማካሎ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎችን በሳምንት አንድ ጊዜ ለ10 ሳምንታት እስከ 5 የሚደርሱ የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች እንዲጽፉ አደረጉ። እነዚህ ተማሪዎች፣ የሚያማርሯቸውን ነገሮች ከጻፉት ይልቅ በሕይወታቸው ደስተኞች፣ ስለሚመጣውም ሳምንት ተስፈኞች ሆነው ተገኙ።

ነገሩ ለሙስሊም እንግዳ አይደለም። ኢማም አል-ገዛሊ (በ1111 እ.ኤ.አ. የሞቱት) «ኢሕያእ» በተሰኘው ታላቅ ሥራቸው፣ ነጋዴ ከሸሪኩ ጋር እንደሚተሳሰብ ሁሉ ሰውም በቀኑ መጨረሻ ከነፍሱ ጋር እንዲተሳሰብ አስተምረዋል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሳል። ቀልቤ እንዲረጋጋ ብዬ ባመሰግን፣ ይህ በእርግጥ ሹክር ነውን? ወይስ ኒዕማን እንደ ራስ ምታት ክኒን መጠቀም ነው?

ኢማም አል-ገዛሊ ሹክርን በሦስት ነገሮች ይተነትኑታል፤ በዕውቀት፣ በቀልብ ሁኔታና በሥራ። ዕውቀቱ ኒዕማው ከአላህ (ሱ.ወ.) መሆኑን ማወቅ ነው። ሁኔታው በሰጪው መደሰት ነው። ሥራው ደግሞ የተሰጠውን ሰጪው በሚወደው መንገድ ማዋል ነው። እንግዲህ ጽፎና ተረጋግቶ ደብተሩን የዘጋ ሰው መንገዱን ጀምሯል፤ አልጨረሰም። ዕዳውን ጽፎ ሳይከፍል የተኛ ባለዕዳን ማን ታማኝ ይለዋል?

ሌላም አደጋ አለ። ከእንጦጦ ጫካ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ ቁልቁለቱን የሚወርዱ እናቶችን ታውቋቸዋላችሁ። አንዱ አይቷቸው «አልሐምዱ ሊላህ፣ እኔ እንዲህ አልሆንኩም» ብሎ ያልፋል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዱንያ ነገር ከበላያችን ሳይሆን ከበታቻችን ወዳለው እንድንመለከት መምከራቸው እውነት ነው። ምክንያቱንም አብረው ነግረውናል፤ የአላህን ኒዕማ እንዳንንቅ ነው። የሌላውን ሸክም ለራሳችን መጽናኛ እንድናደርገው አይደለም። በዚያ ጭራሮ ስንትና ስንት ቤት እንጀራ ተጋግሯል? እነዚያ እናቶች በደብተራችን የሚጻፉት ባለውለታ ሆነው ነው። ሰውን ያላመሰገነ አላህን አላመሰገነም የሚለውን የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርትም አንርሳ።

«ታዲያ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ጄሪካን ይዛ ሌሊት የምትነሳን እናት አመስግኚና ዝም በይ ልትላት ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። በፍጹም! ነብዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) ዩሱፍን ባጡ ጊዜ ያማረ ትዕግስትን መርጠዋል፤ ሐዘናቸውንም ወደ አላህ አቤት ብለዋል። ነገር ግን ልጆቻቸውን ሂዱና ዩሱፍንና ወንድሙን ፈልጉ፣ ከአላህ እዝነትም ተስፋ አትቁረጡ ብለው ልከዋቸዋል። ትዕግስታቸው ከመፈለግ አላገዳቸውም። ያቺ እናትም በደብተሯ «ዛሬ ውሃ መጣ፣ ጎረቤቴ ቀሰቀሰችኝ» ብላ ልትጽፍ፣ በማግስቱም ወደሚመለከተው ቢሮ ሄዳ መብቷን ልትጠይቅ ትችላለች። አመስጋኝ ሰው ሲጠይቅ የሚጠይቀው በምሬት ሳይሆን በክብር ነው። ቀናዓ ማለትም በደልን መልመድ ሳይሆን፣ ቀልብን በጎደለው ነገር አለማስገዛት ነው።

ውድ ወላጆች! አንድ ተራ ደብተር ግዙ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከመግሪብ በኋላ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ እያንዳንዱ አንድ ነገር ይናገር፤ መጻፍ የቻለ ልጅ ይጻፍ። «ጤና፣ ቤት፣ ምግብ» ብላችሁ በጥቅል አትለፉ። ባለሱቁ «ዕቃ» ብሎ አይጽፍም፤ ስንት ኪሎ ስኳር እንደሆነ ይጽፋል። ከእያንዳንዱ ኒዕማ ጎን አላህ በማን እጅ እንዳደረሰው አስፍሩ፤ በአውቶቡስ ወንበር የለቀቀው ወጣት፣ ልጃችሁን ፊደል ያስቆጠረችው መምህር፣ ደረጃውን የምትጠርገው ሴት። በሦስተኛው ዓምድ ደግሞ «ምን ከፈልን?» የሚል ይኑር። አንድ ዱዓ፣ አንድ ጥየቃ፣ አንድ ሳህን ምግብ ሊሆን ይችላል።

ደብተሩ አያልቅም። የአላህን ጸጋ ብትቆጥሩ ቆጥራችሁ እንደማትጨርሱት በሱረቱ ኢብራሂም ተነግሮናል። የምንጽፈው ለመጨረስ ሳይሆን ለመንቃት ነው። ባለሱቁ ሒሳቡ የሚዘጋበትን ቀን ይናፍቃል። እኛ ግን ምንጊዜም ባለዕዳ መሆናችንን ስናውቅ ነው ቀልባችን የሚያርፈው፤ አበዳሪያችን ቸር ነውና።

አላህ (ሱ.ወ.) ከአመስጋኝ ባሮቹ ያድርገን። አሚን።