ፊሽካ ከማንጠልጠል በፊት

ልጄ፣ ማክሰኞ ማታ ቤቴ ድረስ መጥተህ «አባባ፣ ገንዘቡ ተገኝቷል፤ ምን እናድርግበት?» ስትለኝ ወዲያው ያልመለስኩልህ ጉዳዩን ንቄ አይደለም። «መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይባላል፤ መካሪውም ሳያስብ ከተናገረ ግን ባይኖር ይሻላል። ሦስት ቀን ሳሰላስለው ከረምኩ። ይህን የምጽፍልህ ለኮሚቴው አባላትም እንድታነብላቸው ነው።

ነጋዴዎቹ ለክለቡ ያዋጡት ገንዘብ ለአንድ አጥቂ የፊርማ ክፍያና ለአዲስ ማልያ ይዋል የሚሉ እንዳሉ ነግረኸኛል። አጥቂውን አውቀዋለሁ፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ጎል ፊት አይደነግጥም። ነገር ግን የዛሬ ዓመት ሌላ ክለብ ትንሽ ከጨመረለት ይሄዳል፤ መብቱም ነው። እናንተ ዘንድ ማልያው ይቀራል፣ እሱም ሲታጠብ ይደበዝዛል። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። እኔን ካልከኝ ገንዘቡ ታዳጊዎቻችንን ለሚያሰለጥኑት ወጣቶች ትምህርት ይዋል።

ለምን እንዲህ እንደምል ያየሁትን ልንገርህ። ባለፈው ግንቦት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሜዳው ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነበር። ከ13 ዓመት በታች ያሉት ልጆች ልምምድ ላይ ናቸው። ቆጠርኳቸው፤ 34 ልጅ፣ ሁለት ኳስ። በሁለት ረድፍ ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። ተራው የደረሰው ኳሷን እየነዳ ድንጋዮቹን ይዞራል፣ ወደ ጎል ይመታል፣ ተመልሶ ከሰልፉ ጅራት ይቆማል። ከመካከላቸው አንድ ቀጭን ልጅ ዓይኔ ገባ፤ የግራ ታኬታው አፉን ከፍቶ በገመድ ታስሯል። ቀኝ ኪሴ ውስጥ የሽምብራ ቆሎ ነበረኝ። ልጁ ኳስ በነካ ቁጥር አንድ ፍሬ ወደ ግራ ኪሴ አሻግር ጀመር። ልምምዱ ሲያበቃ ግራ ኪሴን ገልብጬ ቆጠርኩ፤ 11 ፍሬ። በሰዓት ተኩል ውስጥ 11 ጊዜ! የቀረውን ጊዜ ጥፍሩን ሲበላ፣ ከኋላው ካለው ልጅ ጋር ሲገፋፋ፣ ስለተገፋፋም ሲቆጡት ነው ያሳለፈው።

አሰልጣኙን ለመውቀስ አይደለም። ልጁ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ሲነዳ ውሎ፣ የማታውን ገበያ ትቶ፣ ሳንቲም ሳይከፈለው ነው የሚመጣው። የሚያደርገውን የሚያደርገው እሱንም እንደዚያው ስላሰለጠኑት ነው። እሱን ያሰለጠኑትን ካሰለጠኑት አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ።

በ1970ዎቹ የቀበሌያችንን ልጆች ይዤ ነበር። ፊሽካ አንጠልጥዬ ስቆም ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ልምምድ ላይ ውሃ መጠጣት ያከብዳል ብዬ ልጆቹን በጥማት አቃጠልኳቸው። ጠጠር ላይ በባዶ እግራቸው አስሮጥኳቸው። አንድ የ13 ዓመት ልጅ ነበር፤ በአንድ ክረምት ቁመቱ ተመዘዘ። ከጉልበቱ በታች ፊት ለፊት ያለው አጥንት አብጦ፣ ሲነኩት ያመዋል። እያነከሰ መጥቶ «አሞኛል» ሲለኝ «ወንድ ልጅ ትንሽ ያምመዋል» አልኩት። ሮጠ። በሳምንቱም ሮጠ። በሦስተኛው ሳምንት አልመጣም፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳው አጠገብ ሲያልፍ እንኳ ፊቱን ያዞር ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የጤና ባለሙያ ነው ያስረዳኝ። ልጆች ቁመታቸው በድንገት ሲጨምር ጅማቱ ገና ያልጠነከረውን አጥንት ይጎትተዋል፤ የሚያስፈልገው ሩጫውን መቀነስና ማረፍ ብቻ ነው፣ ጊዜ ሲያገኝ ይድናል። ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያስተምሩኝ ይችሉ ነበር። ማንም አላስተማረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ሲሉ እሰማ ነበር፤ ነገሩ ቄሶችን ብቻ የሚመለከት ይመስለኝ ነበር። ያ ልጅ ዛሬም ሲታወሰኝ ልቤ ይደማል።

የኳስ ፍቅር ጎድሎን አያውቅም። በጥር 1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሣ የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዜናው በሬዲዮ ሲነገር ሆቴሉ በር ላይ የተሰበሰብነው ልጆች የጨርቅ ኳሳችንን ይዘን እስከ ምሽት ከተማውን ዞርን። ሁላችንም የቡድኑን አጥቂ መንግሥቱ ወርቁን ሆነን ነበር። የዚያ ቡድን አሰልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ ራሳቸው ተጫውተው ያለፉ፣ ኋላም ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ካፍን፣ የመሩ ሰው። አስበው እንግዲህ፤ ዋንጫውን ያነሣን አገር ከ1982 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. 31 ዓመት ሙሉ ከአፍሪካ ዋንጫ ርቀን ቆየን፤ የመለሰን የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን ነው። የዚያ ሁሉ ዘመን ምክንያት አንድ ብቻ ነው አልልህም። ግን ልጅ በሚያድግበት ሜዳ ላይ የተማረ አሰልጣኝ አለመኖሩ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን በገዛ እጄ ስላየሁት እመሰክራለሁ።

ሌላ አገር ልውሰድህ። ሰኔ 20 ቀን 2008 ዓ.ም. ማታ፣ የአውሮፓ ዋንጫ ጥሎ ማለፍ ነበር። ካፌው ሞልቶ በመስኮት የሚያዩም ነበሩ። አይስላንድ የምትባል አገር እንግሊዝን 2 ለ 1 አሸነፈች። ያን ጊዜ የአይስላንድ ሕዝብ 330 ሺህ ገደማ ነበር፤ ከአንድ ትልቅ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ሕዝብ ጋር የሚቀራረብ። ካፌው ውስጥ የነበሩት ወጣቶች «ዕድል ነው» አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለዓለም ዋንጫም አለፉ፤ እስከዚያን ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ካለፉት አገሮች ሁሉ በሕዝብ ቁጥር ትንሿ ነበረች። ይህ እንዴት እንደሆነ ስጠይቅ የነገሩኝ እንዲህ ነው። አገሩ ብርድ ስለሆነ በጣሪያ የተሸፈኑ ሜዳዎች ሠሩ፤ ያንን እንተወው፣ ለእኛ ፀሐዩን እግዜር ሰጥቶናል። ዋናው ግን የመንደር ክለብ ሳይቀር ትንንሾቹን ልጆች የሚያሰለጥነው የተማረ፣ የአሰልጣኝነት ፈቃድ ያለውና ደመወዝ የሚከፈለው ሰው መሆኑ ነው። ምርጡ አሰልጣኝ ለዋናው ቡድን፣ የተረፈው ለልጆች አላሉም። ያንን ቡድን ከስዊድናዊው ላርስ ላገርባክ ጋር የመራው ሄይሚር ሃልግሪምሰን የጥርስ ሐኪም ነው፤ ጥቂት ሺህ ሰው ከሚኖርባት ደሴት የወጣ። ከትንሽ ቦታ የመጣ ሰው ከተማረ የት እንደሚደርስ እሱን ተመልከት።

ወደ ራሳችን ልመለስ። ለአሰልጣኝነት ኮርስ የምትልኩት ሦስት ሰው ምረጡ። አንዱ ባጃጅ ነጂው ይሁን፤ ልጆቹ ይወዱታል፣ ፍቅር ደግሞ በኮርስ አይገኝም። አንዷ ሴት ትሁን፤ ሴቶች ልጆቻችን ሜዳው ጥግ ገመድ ሲዘሉ እያየሁ ነው፣ እናቶቻቸው የሚያምኗት አሰልጣኝ ብትኖር ግማሾቹ ነገ ኳስ ይዘው ይመጣሉ። ከካፍ ዲ ላይሰንስ ይጀምሩ፤ ሲና ቢ በጊዜው ይደረስበታል። ለፌዴሬሽኑ ደብዳቤውን ቀድማችሁ ጻፉ፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። የትራንስፖርቱን፣ የአልጋውንና የምግቡን ብቻ ሳይሆን ኮርስ ላይ ሲቀመጥ የሚያመልጠውንም የቀን ገቢ ቁጠሩለት። ባጃጁ ከቆመ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ይህን ሳታስቡ «ሂድና ተማር» ብትሉት በሁለተኛው ቀን ጥሎ ይመጣል፤ ሰነፍ ነው ትላላችሁ። ሲመለስም ትንሽም ብትሆን ወርኃዊ ክፍያ በቀኗ ትድረሰው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና ከነጋዴዎቹ ሌላ ወላጆችም አቅማቸው የፈቀደውን ያዋጡ፤ ልጁ የሚማርበትን ነገር ካዩ አይሰስቱም።

«አስተምረነው ቢሄድስ?» ብለሃል። ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ሁለት ዓመት እንዲያገለግል በወረቀት ተዋዋሉ። ከዚህም የሚበልጠው ዕውቀቱ በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ እንዳይቀር ማድረግ ነው። ከኮርስ የተመለሰ ሁሉ እሑድ እሑድ ለሌሎች ሁለት ወጣቶች ያስተምር፣ የልምምድ ዕቅዱ የሚጻፍበት ደብተር የክለቡ ይሁን። አንዱ ቢሄድ ሁለቱ ይኖራሉ።

ውጤቱን በምን ታውቃለህ? በዋንጫ አትለካው። ከ13 ዓመት በታች ውድድርን ለማሸነፍ አጭሩ መንገድ ጢም ያወጣ ልጅ ማሰለፍ ነው፤ ሁላችንም ያየነው ነው። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታዳጊዎች ዓለም ዋንጫ የልጆችን ዕድሜ ለማጣራት የእጅ አንጓቸውን በኤምአርአይ የሚያስመረምረው ወዶ አይደለም። አሰልጣኙን «ዋንጫ አምጣ» ብላችሁ ካስጨነቃችሁት ትልልቆቹን አሰልፎ ቀጭኑን ያስቀምጠዋል፤ ቀጭኑ ደግሞ ገና አላደገም እንጂ ከሁሉም የሚሻል ሊሆን ይችላል። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ነው፤ መሸነፉንም አብራችሁ ውደዱለት። ይልቅ እነዚህን ጠይቁ፦ በመስከረም ከመጡት ልጆች በሰኔ ስንቱ አሉ? ስንቱ ተጎዳ? አንድ ልጅ በልምምድ ስንት ጊዜ ኳስ ነካ?

የመጨረሻውን ጥያቄ ስጽፍ በዚያው በግንቦት ሰሞን ጎረቤት ከተማ ያየሁት ትዝ አለኝ። አንዲት ወጣት ከኮርስ ተመልሳ ልጆች እንደያዘች ሰምቼ ሄድኩ። ሜዳው ከእኛ ይብሳል፤ ግማሹ ጭቃ ነው። ሰልፍ የለም። ሜዳውን በድንጋይ ከፋፍላ ልጆቹን ሦስት በሦስት፣ አራት በአራት ታጫውታቸዋለች። ኳሶቹ ለዕድሜያቸው የሚሆኑ አራት ቁጥር ናቸው። መጀመሪያ 20 ደቂቃ ያህል ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚያጠነክር ማሟሟቂያ አሠራቻቸው፤ ፊፋ ራሱ ያዘጋጀው፣ ጉዳት እንደሚቀንስ በጥናት የተረጋገጠ ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። በየመሃሉ ከጀሪካን ውሃ ይጠጣሉ። አንድ ልጅ ሲሳሳት ጠርታ፣ ጎንበስ ብላ በጆሮው ነገረችው፤ ልጁ እየሳቀ ተመለሰ። እኔም እንደ ልማዴ አንድ ልጅ መርጬ ሽምብራዬን ማሻገር ጀመርኩ። ልምምዱ ገና እኩሌታው ላይ ሳለ ቀኝ ኪሴ ባዶ ሆነ።

አንድ የወረቀት ነገር አለ፤ ጸሐፊያችሁ በደንብ ያንብበው። ተጫዋች ከአገር ወደ አገር በገንዘብ ሲዘዋወር ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች እንዲከፋፈል የፊፋ ደንብ ያዛል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ከጠቅላላው ክፍያ ሩብ በመቶ፣ ከ16 ጀምሮ ደግሞ ግማሽ በመቶ ነው። ከ13 እስከ 15 ዓመቱ ሦስት ዓመት ያሳደጋችሁት ልጅ አንድ ቀን በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ ለክለቡ 7,500 ዶላር ይደርሰዋል ማለት ነው። ይህን ተስፋ አድርጋችሁ በጀት አታውጡ፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆንባችኋል። ነገር ግን ልጁ መቼ እንደገባ፣ መቼ እንደወጣ፣ ትክክለኛ የልደት ቀኑን መዝግባችሁ በፌዴሬሽኑም አስመዝግቡ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም»፤ ወረቀት የሌለው ክለብ ልጁን እሱ ማሳደጉን የሚያስረዳበት ነገር የለውም።

የኮሚቴው ስብሰባ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው ብለኸኛል። አጥቂው ይፈረም የሚሉት ክፉ አስበው አይደለም፤ እነሱም ክለቡን ይወዳሉ፣ በትዕግሥት አናግራቸው። ከዚያ በፊት ግን ረቡዕ በ10 ሰዓት ሁሉንም ይዘሃቸው ሜዳው ዳር ና። ባሕር ዛፉ ሥር እጠብቃችኋለሁ። ለእያንዳንዳችሁ አንድ እፍኝ ሽምብራ እሰጣችኋለሁ፤ አንድ አንድ ልጅ ምረጡና ቁጠሩ።