ግልባጭ ከመጻፋችሁ በፊት

ከጎንደር መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ወጥታችሁ ጃናሞራ፣ በየዳ ወይም ዳባት ገጠር የምትመደቡ ልጆቼ፣ ከተማሪ ጋር እንዴት እንደምትውሉ ተምራችኋል። የእኔ ምክር ከአዋቂው ጋር ስለ መዋል ነው። ክፍል ውስጥ አንደኛ የተባለ መምህር ከባልደረቦቹ ጋር መግባባት አቅቶት ሥራውን ሲጠላ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ነገርን ለባለቤቱ ንገሩ። ክፍለ ጊዜ ቢበዛባችሁ፣ ርዕሰ መምህሩ በስብሰባ መካከል ክፉ ቃል ቢወረውርባችሁ፣ በሩን አንኳኩታችሁ ለራሱ ንገሩት። ቢሮዎቻችን አንድ መጥፎ ልማድ አላቸው፤ ሁለት ሰዎች ግድግዳ ብቻ እየለያቸው በደብዳቤ ይካሰሳሉ፤ ከግርጌውም «ግልባጭ፦ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት» ይባልበታል። ግልባጭ ከወጣ በኋላ ሽማግሌ እንኳ ይቸግረዋል፤ ነገሩ ፋይል ገብቷላ! የቴሌግራም ግሩፕ ደግሞ ከግልባጭም ይብሳል፤ እዚያ ባልደረባችሁን አትውቀሱ።

መጻፍ ያለበት ነገር አለ። ገንዘብ፣ የንብረት ርክክብ፣ የተማሪ ውጤት ያለ ጽሑፍና ፊርማ አይሁን። ባልደረባ መጥቶ «የእህቴ ልጅ ነውና 46ቱን 50 አድርግልኝ» ያላችሁ እንደሆነ ግን ሮስተሩ ሳይዘጋ እዚያው «አይሆንም፤ ልጁን ከሰዓት ላከውና ላስጠናው» በሉት። ሁለት ሳምንት ያኮርፍ ይሆናል፤ ያኩርፍ።

ጀማሪ መምህር ሁለት ዓመት አማካሪ መምህር ይመደብለታል፤ ከዚያ በኋላም በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ አለበት። እንዳየሁት ከሆነ ይህ ብዙ ቦታ ቅጽ ሞልቶ ማስፈረም ሆኗል። እናንተ ግን አማካሪያችሁን «ክፍልዎ ልግባና ሲያስተምሩ ልይ» በሉት፤ እሱም ገብቶ ይያችሁ። አለማወቅን መግለጽ በጎንደር ነውር ሆኖ አያውቅም። ጎጃም ቅኔ ተቀኝቶ የጨረሰ ደቀ መዝሙር አቋቋም ሊማር ጎንደር በአታ ይወርዳል፤ የቅኔ መምህሩም «ይኸኛው ከእኔ ዘንድ የለም፣ እዚያ ሂድ» ብሎ ሲሸኘው ከክብሩ የጎደለ ነገር የለም። ክፍልፋይ ማስተማር ቢከብዳችሁ ቀጥሎ ካለው ክፍል መምህር ጋር አንድ ክፍለ ጊዜ ተለዋወጡ፤ ማን ምን ይላል?

ጥበቃውን «አንተ» አትበሉት፤ በዕድሜ አባታችሁ ነው፣ «አያ» ብላችሁ ስሙን ጥሩት። የትኛው ልጅ ቁርስ ሳይበላ እንደሚመጣ፣ የማን አባት ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወይም መተማ እንደ ወረደ፣ የትኛዋ ልጅ ልትዳር እንደ ታጨች ከርዕሰ መምህሩ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋም እንዲሁ። ሴት ተማሪዎች ለእናንተ የማይነግሯችሁን ለእሷ ይነግሯታል፤ ሰምታ የነገረቻችሁን ታዲያ ስሟን እየጠራችሁ አታውሩ።

ወላጅን በተመለከተ፣ የደጋ ገበሬ ወደ ትምህርት ቤት የሚጠራው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ልጁ ሲያጠፋና መዋጮ ሲፈለግ። ስለዚህ ጥሪ ሲደርሰው ገና ከቤቱ ተቆጥቶ ይነሣል። አንድ ቀን ልጁ ጎበዝ መሆኑን ለመንገር ብቻ ጥሩት፤ በሚቀጥለው ጊዜ የምትሉትን ሁሉ ይሰማል። ሲመጣም ከበር አታናግሩት፣ ወንበር ስጡት፤ «አንቱ» በሉት። ልጁ ፊት አትውቀሱት።

ቀኑንም ምረጡ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ ሞፈር አይነሣም፤ ሰዉ ቅዳሴ ወጥቶ ደጀ ሰላም ላይ ይገኛል። ለወላጅ መምህር ኅብረት ሰብሳቢው አስቀድማችሁ ብትነግሩት ስብሰባው ከዚያ ይቀጥላል። በገብስ አጨዳ ሰሞን፣ ረቡዕ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ጠርታችሁ አሥር ሰው ቢመጣ ግን «ወላጁ ለትምህርት ደንታ የለውም» ብላችሁ ሪፖርት አትጻፉ።