ዝሆኔ፣ ቀዩ አፈርና የቪየና ፈላስፎች

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ ገበያ ለዋለ ሰው፣ እግሩ ያበጠ፣ ቆዳው የሻከረ ገበሬ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ዝሆኔ ነው። ምክንያቱን ቢጠይቁ አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ብዙው ግን «ከዘር ነው» ባይ ነው። ስለዚህም ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጅቷ አያቶች እግር ሳይቀር ይጠየቃል።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሞሪትዝ ሽሊክ ዙሪያ የተሰበሰቡት የቪየና ፖዚቲቪስቶች፣ በተሞክሮ ሊረጋገጥ የማይችል አነጋገር ትርጉም የለውም ብለው ተነሡ። እርግማኑን እንደሚጥሉት አያጠራጥርም። «ከዘር ነው» የሚለውን ግን ሄዳችሁ ፈትሹ ይሉ ነበር እንጂ አይንቁትም። ሁለቱንም ጠቅልሎ «ኋላ ቀርነት» ያለው የእኛው የተማረ ሰው ነው።

መፈተሹስ ቢሆን ቀላል ነውን? ሕክምናው ዝሆኔን የሚያውቀው ትንኝ በምታስተላልፈው ትል ነበር። በደጋው ሕመምተኛ ደም ውስጥ ግን ትሉ ታጣ። ካርል ፖፐር ቢሆን፣ ሳይንስ የሚያድገው ግምት ሲወድቅ ነውና፣ እሰየው ባለ ነበር። ፒየር ዱሄም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1906 በፊዚክስ ላይ በጻፈው መጽሐፍ፣ ግምት ብቻውን ለፈተና አይቀርብም፤ አጃቢዎቹ ሁሉ አብረውት ይቀርባሉ ብሏል። ትሉ በደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሌሊት ነው። ቀን የተወሰደ ደም ባዶ ቢሆን፣ የወደቀው ግምቱ ነው ወይስ ሰዓቱ?

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኧርነስት ፕራይስ የተባለ ሐኪም ዐይኑን ከደሙ ወደ ባዶ እግሩና ወደ ቀዩ አፈር መለሰ። ከእሳተ ገሞራ ዐለት የመጣው አፈር ደቃቅ ብናኝ በቆዳ ሰርጎ ይገባል አለ፤ ሕመሙንም ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው። አፈሩን ያላየ አልነበረም፤ ማስረጃነቱን ያየ ግን ጥቂት ነው። ኖርውድ ሃንሰን ማየት ራሱ ሐሳብ ያዘለ ነው ያለው ይህን የመሰለውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በወላይታ ሕመምተኞች ላይ ያደረጉት ጥናት ወጣ፤ ለሕመሙ የሚያጋልጥ የዘር ልዩነት አለ። እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ልክ ነበሩ? በከፊል፣ አዎን። ይሁንና ዘሩ ያለ አፈሩ እግር አያሳብጥም፤ ከልጅነቷ ጫማ ያደረገችና እግሯን የምትታጠብ ልጅ ትጠበቃለች። በምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ከ100 ሰው 3 የሚጠጋ ታማሚ አግኝቷል፤ የጫማ ነገር ቀላል አይደለም።

«ዘር አለበት» ከሚለው «አታግባት» የሚል አይወጣም። እስከዚህ ፖዚቲቪስቶቹ ከእኔ ጋር ናቸው። ቪየና ሄዶ የተማረው እንግሊዛዊው ኤየር ግን እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ፣ «ግፍ ነው» ማለት እውነትም ሐሰትም ያልሆነ የስሜት መግለጫ ነው አለ። ይህን አልከተልም። እግሯ ደህና የሆነ ልጁ ሳትጠየቅ የቀረችበት አባት «ግፍ ነው» ሲል ማዘኑን ብቻ እየነገረን አይደለም። ስለ ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር እየተናገረ ነው፤ እነርሱም ይህን ስለሚያውቁ ነው መልስ የሚፈልጉለት።