ቀሃና የከተራ ውሃ

ቀሃ ከጎንደር በስተሰሜን ካለው ደጋ ተነሥቶ የከተማዋን ምዕራብ ይዞ ወደ ደቡብ የሚወርድ ወንዝ ነው። በምሥራቅ በኩል የሚወርደው አንገረብ ነው፤ ወደ አትባራ የሚሄደው ትልቁ አንገረብ ግን ሌላ ነው፣ የሚገናኙት በስም ብቻ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1636 መናገሻቸውን ያቆሙት በቀሃና በአንገረብ መካከል ባለው ከፍታ ላይ ነው። ሁለቱም ከከተማዋ በታች ወደ መገጭ ይገባሉ፤ መገጭም የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ በሰሜን ዳርቻው ጣናን ይቀላቀላል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ፣ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ ውሃው 300 ሜትር ያህል ይወርዳል። ከጣና ሲወጣ ስሙ ዓባይ ነው፤ መድረሻውም የሜዲትራኒያን ባሕር።

ይህ ወራጅ ውሃ በዓመት አንድ ጊዜ በከፊል እንዲቆም ይደረጋል። የጥምቀት ዋዜማ፣ ጥር 10፣ ከተራ መባሉ ከዚሁ የተነሣ ነው፤ «ከተረ» ወራጁን ገደበ፣ አቆመ ማለት ነውና። ነገሩ በመጀመሪያ የወቅት ጉዳይ ይመስላል፦ በጥር ወንዞች ሳስተዋል፤ ሕዝብ የሚጠመቅበት ውሃ እንዲገኝ መገደብ ግድ ይላል። በጎንደርም የፋሲለደስ መዋኛ የሚሞላው ከቀሃ በቦይ በሚመጣ ውሃ ነው።

ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በኦሪት ለአንዳንድ የመንጻት ሥርዓት የሚፈለገው የሚሮጥ፣ ሕያው ውሃ ነው። የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ ይህን አጥብቀው ይዘው ኖረዋል፤ መንደራቸውን ወንዝ አጠገብ የሚመሠርቱትም ለዚሁ ነው። ክርስቶስ የተጠመቀውም በወራጁ በዮርዳኖስ ነው። ታዲያ የቆመው ውሃ የዮርዳኖስ ምሳሌ የሚሆነው በምንድን ነው?

የአገሪቱ መምህራን ዮርዳኖስን የሚያመሠጥሩት ከመልክዓ ምድሩ ተነሥተው ነው። ምንጩ ከላይ አንድ ነው፣ ዝቅ ሲል ይከፈላል፣ ከታች ይገናኛል፤ በአዳም አንድ የነበረው የሰው ልጅ ወደ እስራኤልና አሕዛብ ተከፍሎ በክርስቶስ አንድ መሆኑን ያሳያል ይላሉ። ቀሃና አንገረብም ከታች ይገናኛሉ፤ ምንጫቸው ግን አንድ ስላልሆነ ምሳሌው እስከ ግማሽ ብቻ ይሄዳል። በሌላ በኩል ዮርዳኖስ መውጫ በሌለው በሙት ባሕር ያበቃል፤ የቀሃ መንገድ ደግሞ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ክፍት ነው። እንግዲህ ውሃውን ዮርዳኖስ የሚያደርገው የወንዙ ቅርጽ አይደለም።

ጠበል ከጥምቀት ውሃ ይለያል። ጠበል በቦታ የተተከለ ነው፤ በአንድ ቅዱስ ስም የሚጠራ ምንጭ ስላለ ሰው ወደ እርሱ ይሄዳል። የጥምቀት ውሃ ግን የዕለት ነው፦ ታቦታቱ ከመንበራቸው ወጥተው ወደ እርሱ ይመጣሉ፣ ካህናቱ ሌሊቱን በጸሎት ያድራሉ፣ ማለዳ ይባረካል። መቆሙ የሚያስፈልገው ለዚህ ይመስላል፤ የሚያልፈውን ውሃ «ይህ» ብሎ ለይቶ መባረክ አስቸጋሪ ነው።

መዋኛው ሲለቀቅ ውሃው ቁልቁለቱን ተከትሎ ይሄዳል። ቡራኬው አብሮት ይወርድ እንደሆነ ሥርዓቱ አይናገርም፤ ለደምቢያ ገበሬ መገጭ ጥር 12ም ቢሆን የከብት መጠጫ ነው።